ኮረብታው ላይ የሚታየው ሰው

ሃምሳ አለቃ ሰራዊት ይገረምን የማውቀው ከልጅነቴ ነው። ያደግነው በባምባሲና በአሶሳ መካከል ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዷ፣ ጎረቤት ሆነን ነው። የእሱም የእኔም ወላጆች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በካሚዮን ተጭነው የመጡ ናቸው። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እሱ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ወታደር ሆነ፤ እኔ አስተማሪ ሆኜ አሶሳ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ፣ ለአስር ቀን ፈቃድ ሲመጣ እንገናኛለን። እዚህ ከምተርከው ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ጥቂቱን ነው። የቀረውን እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ ጥቂቱን ደግሞ ሚስቱ የዝና።

ሰራዊት ወሬ አያበዛም። «ደህና ነህ?» ሲሉት እንኳ መልሱን አስቦ ነው የሚናገረው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሲራመድ መሬቱን እያየ ነው። ይህን ልማዱን ውትድርና አመጣበት እንጂ ልጅ ሆኖስ እንደማንኛችንም ወደ ላይ እያየ ማንጎ ሲያወርድ ነው የማስታውሰው።

ክፍሉ ወደ ዳንጉር ወረዳ የገባው በ2013 ዓ.ም.፣ መተከል በታወከበት ዓመት ነው። ከማንቡክ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ድልድይ አለ። መንገዱ ድልድዩን እንደተሻገረ እንደ ሰባት ቁጥር ይታጠፋል፤ ከእጥፋቱ በላይ ዛፍ የሌለበት ኮረብታ ይታያል። ሰራዊት ሰባት ወታደሮች ይዞ እዚያ ኮረብታ ላይ ሰፈረ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ድልድዩንና መንገዱን ጠብቁ፣ ሕዝቡም ወደ ቀዬው እንዲመለስ አድርጉ የሚል።

ሕዝብ ግን አልነበረም። ከኮረብታው በስተምሥራቅ፣ ደጋውን ተጠግቶ፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖሩ የክርስቲያን ገበሬዎች መንደር አለ። በስተምዕራብ፣ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ፣ የጉሙዞች መንደር አለ። ወታደሮቹ «ላይ መንደር» እና «ታች መንደር» ይሏቸዋል። ያኔ ሁለቱም ባዶ ነበሩ። የላዮቹ ወደ መጠለያ ሸሽተዋል፣ የታቾቹ ጫካ ገብተዋል። ሁለቱም ሰው ቀብረዋል። የመጀመሪያውን ወር ወታደሮቹ ያዩት ባለቤት ያጣ ውሻና ሣር የዋጠው ደጃፍ ብቻ ነው።

ቀድማ የተመለሰችው ምንውየለት የምትባል የላይ መንደር ሴት ናት፤ ባሏን ያጣች፣ አምሳ ዓመት የሚሆናት ገበሬ። ዶማዋን በትከሻዋ ይዛ ብቻዋን መጣችና ከኮረብታው ሥር ቆመች።

«እናንተ ልጆች! የሰነበታችሁት እዚሁ ነው?» ብላ ጮኸች።

«እዚሁ ነው፣ እናቴ» አላት ሰራዊት።

«የምትከርሙትስ?»

«እዚሁ ነው።»

ሄዳ የቤቷን በር ከፈተች። በሳምንቱ አራት ቤት ጭስ ወጣበት።

ከታች መንደር የመጣው ቦዔዝ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ነው። ሰሊጥ ማሳው መሃል ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሰራዊት መሣሪያውን ለጓዱ ለአስር አለቃ አልአሚን ሰጥቶ ብቻውን ወረደ። ቦዔዝ አማርኛን ያወቀው ገበያ ለገበያ ሲዞር ነው፤ ሴትና ወንድ፣ አንድና ብዙ ይቀላቀልበታል።

«አንተ ወታደር፣ ትሄዳለህ ወይስ ይቀመጣሉ?»

«እንቀመጣለን።»

«ለኛም ነው ወይስ ለላይ ብቻ?»

«መንገዱ የሁላችሁም ነው። እኛም ለሁላችሁም ነን።»

ቦዔዝ ፊቱን አየው፣ ጫማውን አየው፣ ከዚያ ወደ ጫካው ዞሮ በራሱ ቋንቋ ተጣራ። መጀመሪያ ሴቶቹ ወጡ፤ እንጨት በትከሻቸው አጋድመው፣ በአንዱ ጫፍ ማሽላ በሌላው ጫፍ ሕፃን አንጠልጥለው። ሰራዊት ይህን ሲነግረኝ ሳቅ ብሎ ነበር። ስለ ኮረብታው ሲያወራ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራው መራመድ ነው። በየማለዳው ሁለት ወታደር አስከትሎ ከድልድዩ ተነስቶ በላይ መንደር፣ ከዚያ በታች መንደር ዞሮ ይመለሳል። ሰዎቹ ሲያዩት ሰላምታ ይሰጡታል። ና ግባ ይሉታል። እሱ አይገባም። በላይ መንደር አንድ ቤት ቢቀመጥ ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ታች ይደርሳል፤ በታች መንደር አንድ ቅል ቦርዴ ቢቀበል ላዮቹ ይሰሙታል። ስለዚህ የማንንም ደጃፍ ላይረግጥ ወሰነ። ዓመት በዓል ሲሆን ሁለቱም መንደር ምግብ ወደ ኮረብታው ይልካሉ፤ ወታደሮቹ ይበላሉ፣ እሱ ኮቾሮውን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በሻይ እያራሰ ይቆረጥማል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ።

ወታደሮቹ በየዓመቱ ይቀየራሉ። የቀሩት እሱና አልአሚን ናቸው። አልአሚን ከአሶሳ ማዶ ያለ የበርታ ተወላጅ ነው፤ ቀልደኛ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ስለ ከብት ማውራት የሚወድ። ሰራዊት እሱን ባያገኝ ኖሮ ንግግር ይረሳ እንደነበር ነግሮኛል። ሁለቱም ግን ስለ ቤታቸው አያወሩም ነበር። ይህ በመካከላቸው ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ነው።

የሰራዊት ቤት አሶሳ ነው። የዝና ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ዩኒፎርምና መጋረጃ ትሰፋለች። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሳሌም፤ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። ኮረብታው ላይ ስልክ የሚሠራው በምሥራቅ በኩል ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ሰራዊት እሑድ ከሰዓት እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይደውላል። ልጅቷ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች።

አምና በጥቅምት ክፍሉ ለሌላ ግዳጅ ተፈለገና የኮረብታው ጓድ ለአስራ አንድ ቀን ወደ ጉባ ወረደ። አካባቢው ከላይ በድሮን እንደሚቃኝ ተነገራቸው፤ ተቃኝቷልም። በነዚያ አስራ አንድ ቀናት አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ማንም ማንንም አልነካም።

ሲመለሱ ግን ሁለቱም መንደር ባዶ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የላይ መንደር ሰው ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ ሲያይ ሰው የለም። ወታደሮቹ የሄዱት የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው አሉና እቃቸውን ጫኑ። የታች መንደር ሰው ደግሞ ላዮቹ ሲሸሹ አየ። እነሱ የሚሸሹት የሰሙት ነገር ቢኖር ነው ብለው ጫካ ገቡ። የደረሰው ሰሊጥ ማሳ ላይ እንደቆመ ፍሬው ረገፈ። የቦዔዝ እናት ጫካ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አሮጊት ነበረች፣ በቃሬዛ ነው የተሸከሟት።

ሰራዊት ቦዔዝን ፈልጎ ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀበት። ሲያገኘው ቦዔዝ አልተቆጣም።

«ኮረብታው ባዶ ሆነች» አለው። «ሰው የለም። እኛ ምን ያውቃል?»

ሰራዊት ቀስ በቀስ ሰዎቹን ከሁለቱም ወገን መለሳቸው። ነገሩን በወርኃዊ ሪፖርቱ ላይ «ነዋሪው ለጊዜው ተፈናቅሎ ተመልሷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላወራውም።

በታኅሣሥ አንዲት መኮንን ወደ ኮረብታው መጣች። ሻለቃ ሐና ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ለጥናት የተላከች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ማስታወሻ ደብተሯ ከእጇ የማይለይ። ጥናቷ ስለ ምድር ኃይል ነው፤ በብሔራዊ ደህንነት ስትራቴጂ ውስጥ የእግረኛው ድርሻ ወደፊት ምን መምሰል አለበት የሚል። ሁለት ቀን ቆየች። ስንት ሰው እንዳለው፣ ውኃ ከየት እንደሚያመጡ፣ ስንት ጊዜ እንደታመሙ፣ ቅያሪ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰ። ልትሄድ ስትል ከመኪናው አጠገብ ቆመው እውነቱን ነገረችው።

«ሃምሳ አለቃ፣ እንዲህ የተበታተኑ ትንንሽ ጣቢያዎችን አንስተን፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ፈጣን ተንቀሳቃሽ ኃይል ብናደርገው ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ። ከላይ ድሮን ያያል፣ ችግር ሲፈጠር ኃይሉ ደርሶ ይመታል። ሰውም አይሰለችም፣ ወባም አይጨርሰንም። እኔም ወደዚያው አዘንብላለሁ።»

«እኛስ፣ ሻለቃ?»

«ጓዱ ማንቡክ ካለው ክፍል ጋር ይጠቃለላል። አንተን በሚመለከት፣ አሶሳ ምልምል የሚያሠለጥን የበታች ሹም ይፈለጋል። ስምህን አይቻለሁ። በየካቲት አሶሳ ውይይት አለ፤ ከመስክ አንድ ሰው ስለምንፈልግ አንተ ትመጣለህ። ስለ ጣቢያው ኑሮ ትንሽ ትናገራለህ፣ በቃ።»

መኪናዋ እጥፋቱን አልፋ ስትሰወር ሰራዊት ወደ ድንጋዩ ሄደ። እሑድ አልነበረም።

«ምን ሆንክ?» አለች የዝና፣ ደንግጣ።

«ምንም አልሆንኩም። በየካቲት እመጣለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለመኖር ነው።»

በስልኩ ውስጥ ይሰማው የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ከዚያ «እስቲ እንደገና በለው» አለችው። እንደገና አለው።

በየካቲት አሶሳ ሲገባ መናኸሪያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጉባ ላይ አባይን ተሻግሮ ነው የመጣው፤ አቧራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነበር። ቤቱ አደረስኩት። የዝና የቁም ሳጥኑን ግማሽ ባዶ አድርጋ ጠብቃዋለች። እሱ ቦርሳውን ከፍቶ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ አስገባ፤ ሳጥኑ ባዶ እንደነበረ ባዶ መሰለ። ሦስታችንም አየነው።

ሳሌም ውኃ አቀረበችለት። «ይታጠቡ» አለችው።

«አባትሽ እኮ ነው፣ ምን ይታጠቡ ትይዋለሽ?» አለች እናቷ።

ልጅቷ አፈረች። «ይቅርታ» አለች፣ ለእሱ። «አላወቅሁም ነበር» አለች ደግሞ፤ ምኑን እንዳላወቀች ግን አልተናገረችም።

ውይይቱ የሚጀመረው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በነዚያ ሦስት ቀናት ሰራዊት በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ሰነበተ። ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ጎረቤት ሲመጣ ማን ማን እንደሆነ አያውቅም። የዝና ስለ አንዲት ደንበኛዋ ስታወራና ሳሌም ስትስቅ፣ እሱ ዘግይቶ ይስቃል። ቅዳሜ ልጅቷን ይዞ ገበያ ወጣ። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እሱ አስር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላል። ዞር አለች።

«ለምንድነው ከኋላ የሚሄዱት?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሰው ያየናል እኮ። እዚህ ጋ ይምጡ።»

አጠገቧ ሆኖ ሄደ። ማንጎ መረጡ። ጥሩ ጥሩውን እንዴት እንደሚለይ እሷ አሳየችው፣ እሱም እንደማያውቅ ሆኖ አየ። በመልሱ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ በጣም ተጠግቷቸው ሲያልፍ ክንዱን ያዘችና «አባዬ፣ ና በዚህ!» አለችው። ወዲያው ለቀቀችው። «ና» ማለቷን ያወቀችም አልመሰለውም። እሱ ግን ቃሏን እስከ ቤት ድረስ ይዟት ሄደ። ይህን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ውይይቱ በአንድ አዳራሽ ነበር፤ ከሠላሳ የማይበልጡ መኮንኖች፣ ሰብሳቢው አንድ ጄኔራል። ሻለቃ ሐና ጥናቷን በስላይድ አቀረበች። ድንበር፣ ግድብ፣ መንገድ፣ የሰው ኃይል፣ ቴክኖሎጂ። ሰራዊት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አዳመጠ። ጥናቱ ጥሩ ነበር አለኝ። እሷ ጠንቃቃ ናት፣ ያላየችውን አልጻፈችም።

ከዚያ እሱ ተጠራ። ስለ ውኃው፣ ስለ ወባው፣ ስለ ቅያሪው ተናገረና ሊቀመጥ ሲል አንድ ኮሎኔል እጁን አወጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጓድህ በነዚህ አራት ዓመታት ስንት ጊዜ ተኩስ ከፍቷል?»

«አንድም ጊዜ አልከፈተም፣ ጌታዬ።»

«አንድም ጊዜ?» ኮሎኔሉ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ታዲያ ስምንት ሰው አራት ዓመት ሙሉ ምን ሠራ?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም፤ ቁጥር የሚወድ ሰው ጥያቄ ነው። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ሰራዊት ቆሞ ቀረ። «እንደዚያው ነው፣ ጌታዬ» ብሎ ቢቀመጥ ነገሩ እንደሚያልቅ ያውቃል። የቁም ሳጥኑ ግማሽ ትዝ አለው፣ የሳሌምም እጅ። ግን አፉ ቀደመው።

«ታየ፣ ጌታዬ» አለ።

«ምን?»

«ሲታይ ነው የኖረው። ሥራችን መታየት ነው። ጠዋት ምንውየለት የምትባል ሴት በሯን ስትከፍት ቀና ብላ ታየናለች፤ ካለን ትወጣለች፣ ታርሳለች። ቦዔዝ የሚባል ሰው ከታች ያየናል፤ ካለን ልጆቹን ወንዝ ይልካል። የተኮስን ቀን ሥራችን ተበላሽቷል ማለት ነው።» ከዚያ ስለ አስራ አንዱ ቀን ነገራቸው። ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ቃሬዛው። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ሁለት መንደር እንዴት እንደተፈታ። «ድሮኗ ኮረብታውን አይታለች፣ ነዋሪውንም አይታለች። ሥራዋን አልነቅፍም፤ ለብዙ ነገር ትጠቅማለች። ግን ቦዔዝ እሷን አያያትም። ፈጣኑ ኃይልም ቢሆን የሚደርሰው ጠላት ሲመጣ ነው። እዚያ ግን ጠላት አልመጣም፤ የመጣው ፍርሃት ነው። ፍርሃትን በምን ይመቱታል፣ ጌታዬ? ሰው ቆሞ ካልታየው አይሄድም።»

ሻለቃ ሐና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይህን ኮረብታው ላይ ሁለት ቀን ስንነጋገር አልነገርከኝም» አለችው።

«አልነገርኩዎትም፣ ሻለቃ። ጣቢያው ሲነሳ እኔ አሶሳ እንደምመጣ ነግረውኝ ነበር። መምጣት ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚህ በኋላ ብዙ ንግግር ተደረገ፤ ሰራዊት አብዛኛውን አላዳመጠውም። መጨረሻ ላይ ጄኔራሉ በሲቪሎች መኖሪያ አጠገብ ያሉ ጣቢያዎች ባሉበት እንዲቆዩ፣ ጥናቱም በዚያ እንዲስተካከል አዘዘ። ቀጥሎ ወደ ሰራዊት ተመለከተ። «አካባቢውንና ሰዉን የሚያውቁ አዛዦች ደግሞ አይነሱ። ቢያንስ ሁለት ዓመት።» መኮንኖቹ አጨበጨቡለት። ሰራዊት ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ ቤቱ ሳይሆን እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ግቢው በልጆች ጩኸት ተሞልቷል። መምህራን ክፍል ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ።

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?» አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። «አልናገርም ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ነገር የጠበቀም አይመስለኝም። ደወል ሲደወል ተነስቶ ሄደ።

የዝና የነገረችኝ ደግሞ ይህን ነው። ሲገባ ገና ከፊቱ አወቀች። መኪናዋ ላይ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ ነበር፤ ሳትነሳ ጠየቀችው።

«ይነሳል ያሉት ጣቢያ አይነሳም?»

«አይነሳም።»

«ማነው አይነሳ ያለው?»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት።» የሆነውን ሁሉ ነገራት። ከቦዔዝ እናት ላይ ሲደርስ እሷም አለቀሰች። የማትረዳ ሴት አይደለችም፤ ከባዱም ነገር ይኸው ነበር።

«ልክ ነህ» አለችው። «ልክ አይደለህም ብልህ ይሻለኝ ነበር። ተጣልቼህ ይወጣልኝ ነበር።» ሸሚዙን አዙራ ሌላውን እጅጌ መስፋት ጀመረች። «ለሳሌም ግን አንተ ንገራት። እኔ አባትሽ አይመጣም ብዬ ሦስተኛ ጊዜ አልነግራትም።»

ነገራት። ልጅቷ እስኪጨርስ ጠብቃ «እሺ፣ በሰላም ይግቡ» አለችው።

አሶሳ ያለውን የአሠልጣኝነት ቦታ ያገኘው አልአሚን ነው። ሰራዊት ራሱ ነው ስሙን የጠቆመው፤ ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለችና። አልአሚን ሲሄድ ሁለቱ ኮረብታው ላይ ተቃቀፉ። «ወላሂ፣ አትሂድ ብትለኝ እቀር ነበር» አለው አልአሚን። «ስለማትቀር ነው እንዲህ የምትለው» አለው ሰራዊት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮረብታው ላይ ሰራዊትን «አንተ» የሚለው ሰው የለም። አዲሶቹ ሰባት ወታደሮች ያከብሩታል፣ ይታዘዙታል፣ እሱ ወደ ሸራ ድንኳናቸው ሲጠጋ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ስለዚህ ብዙ አይጠጋም።

የዝናና እሱ አልተፋቱም። የዝና ግማሽ ሳጥኑን እንደገና በጨርቅ ሞላችው፤ ቦታ ስለጠበባት ነው አለችኝ፣ አመንኳት። እሑድ እሑድ አሁንም ይደውላል። ንግግሩ አጥሯል። በሰኔ ሳሌም ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ እሱ የሰማው በሳምንቱ ነው፣ እሷም ስትነግረው ያረጀ ወሬ ሆኖባት ነበር። ከሻለቃ ሐና አንድ ደብዳቤ ደርሶታል። ባለፈው ውይይት ለተናገረው አመስግናው፣ ከዓመት በኋላ ዝውውሩን በግሏ እንደምትከታተል ጽፋለታለች። ደብዳቤውን ለማንም አላሳየም። ተስፋ ማድረግ ከጀመረ መራመድ እንደሚያቅተው ነው የነገረኝ።

በሐምሌ ለመጨረሻ ጊዜ ሳዋራው ዝናብ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል። በዚያ ሳምንት ጭጋግ ኮረብታውን ለአራት ቀን ሸፍኖት እንደነበር ነገረኝ። ከመንደሮቹ ሆኖ ወደ ላይ ቀና ቢባል ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከታች መንደር ሁለት ቤተሰብ እቃ ማሰር መጀመራቸውን አንድ ወታደር አየ። ሰራዊት የዝናብ ልብሱን ደርቦ ብቻውን ወረደ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከቤት ቤት እየሄደ፣ በየደጃፉ ፊት ለፊት እየቆመ፣ ሰዎቹ እስኪያዩት ጠብቆ ያልፋል። ታች መንደርን ጨርሶ ላይ ወጣ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ነበረው። ወባ መሆኑን አውቆታል፤ መድኃኒቱን ውጦ ነው የወጣው። ላይ መንደር ሲደርስ ምንውየለት ጎተራዋን እያበጀች ነበር። በጭጋጉ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይታ ቀና አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አላችሁ?»

«አለን።»

«እንኳንም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ገና ዘጠኝ ቤት ይቀረው ነበር። ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ጥቂት አረፈና ወደሚቀጥለው ደጃፍ ሄደ።